ዝም ያሉት መልቲሜትሮች

እትዬ ሚዛን፣ ዕቃ ፈታሽ ሆነው የመጡ ዕለት የግዢ ኃላፊያችን አዲስ የገዛውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መልቲሜትሩን፣ ለማሳየት ቸኩሎ ነበር። ገና ወንበር እንኳ አልሰጠንዎትም። ተቀበሉት፣ ገለበጡት፣ ከቦርሳዎ ካቻቢቴ አወጡና ጀርባውን ፈቱት። ኃላፊው ደንግጦ፣ «ኧረ አዲስ ነው፤ አልተበላሸም» አለ። እርስዎ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አዲስ መሆኑንማ ካርቶኑም ነግሮኛል፤ እኔ የካርቶን ወሬ አልፈልግም» አሉት። እኛ ጥግ ላይ ቆመን፣ ይቺ ሴትዮ ዕድሜያችንን ልታሳጥር መጣች ተባባልን። ይቅር ይበሉን።

እውነትም ርካሽ ዕቃ በመጣ ቁጥር ጣጣዎ አያልቅም። ከሚያምኑት አሮጌ መለኪያ ጎን ያስቀምጡትና አንዱን ባትሪ ደጋግመው ይለካሉ። ትንሽ ቢያዛንፍም ሁልጊዜ በዚያው ልክ ካዛነፈ፣ «ጠባዩን አውቄዋለሁ» ብለው ያሳልፉታል። ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ የሚያነበውን ግን ስሙ የገነነ ቢሆንም ወደ መጣበት ይመልሱታል። ከጠረጴዛ ላይ ሆን ብለው ሲጥሉት ደግሞ ኃላፊው ዓይኑን ይጨፍናል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ውድ ነው ብላችሁም አትመኑት ሲሉ ስንቴ ሰማን! ቤትዎም ከዚህ አልተረፈም። ልጅዎ ያመጣችውን እጮኛ አንዱን ጥያቄ በተለያየ ቀን ሦስቴ ጠየቁት፤ ሦስቴም ያንኑ ስለመለሰ ነው አማች የሆነው። ይኸው እዚህ ተቀምጧል፤ ጠይቁት።

እናማርር ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን፣ ከፍተኛ ኃይል እችላለሁ የሚል ጽሑፍ ፊቱ ላይ የለጠፈ መለኪያ ከፈቱና ውስጡ ያለችውን የማትረባ ፊውዝ አሳዩን። ለባትሪና ለሬዲዮ ይሁን፣ ዋናው የኃይል ሰሌዳ አጠገብ ግን ድርሽ እንዳይል አሉ። በሆዳችን ፈሪ አልንዎት። ዓመት ሳይሞላ፣ እዚህ ጎረቤታችን ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ባለሙያ ያንኑ ዓይነት ይዞ ሰሌዳ ሲነካ እጁ ላይ ፈነዳበት። ሆስፒታል ጠይቀነው ስንመለስ መኪናው ውስጥ እያንዳንዳችን የራሳችንን ጣቶች ስናይ ነበር።

እንግዲህ ወደማልወደው ነገር ልምጣ። መልቲሜትር ሁለቱን ገመዶቹን ስታነካኩ መጮኽ አለበት፤ ሽቦ መበጠስ አለመበጠሱን የምናውቀው በዚያ ነው። እትዬ ሚዛን፣ ባለፈው የመጣውን ካርቶን በሙሉ፣ ድምፅ የላቸውም ብለው መለሱት። አቅራቢው ተናዶ መጣ። አንዱን አንስቶ ገመዶቹን አነካካ። ጮኸ። ሁላችንም ሰማን። እርስዎ ግን፣ «እስቲ አብራው» አሉት።

«አብርቼዋለሁ እኮ፣ እናቴ። እየጮኸ ነው» አለ፤ ቁጣው ወዲያው ጠፍቶ።

እርስዎ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ከመሃላችን አንድ የረባ ሰው አልተገኘም፤ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ጣትዎን መለኪያው ጀርባ ላይ አሳርፈው ንዝረቱን ዳሰሱ።

«ዕቃው ደህና ነው» አሉ። «የምትመልሱት እኔን ነው።»

ለመንንዎት። ጆሮ የማይፈልግ ሥራ ሞልቷል፣ ጩኸቱን እኛ እንሰማልዎታለን አልን። «እኔ ራሴ ያላረጋገጥኩትን አልፈርምም» ብለው እምቢ አሉ። ይኸው የጡረታ ጊዜዎ ገና ሳይደርስ እየሄዱ ነው። ነገ ካርቶን ሲመጣ ማን ፊት እንደምናስቀምጠው አላውቅም። ልጅዎ እንደነገረችኝ፣ ሐኪሙ ግራ ጆሮዎ አብቅቶለታል፣ ቀኙም ቀስ በቀስ ይሄዳል ብሏል። እስካሁን ካልኩት ምን ያህሉ እንደደረሰዎት እንኳ አላውቅም፤ ከንፈሬን እያዩ ፈገግ ይላሉ።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሳ። እትዬ ሚዛን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅ አቅፈው ይሳሙ፤ ቤትዎ ሰላም ይሁን። እናንተ ግን ጠጥታችሁ እንዳትቀመጡ። አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ በሉና በሆዳችሁ ያለውን ገና እየሰሙ ሳሉ ንገሯቸው። ሌላ ቀን እላለሁ የሚል እንዳይኖር። እኔ ልጀምር።

እትዬ፣ ይሰማሉ? የሁላችንም እጅ ከነጣቱ አለ። ያቆዩልን እርስዎ ነዎት።