ለሐሙስ ብቻ የሚያገለግል የፓርክ መግቢያ

ክቡር የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ ቸኮል፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ትኬት ሊቆርጥ መጥቶ ኬክ ሲያይ የቀረው፣ ስሙን የማላውቀው ወንድሜ፤

ይህን የስንብት ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ድንኳን ስላልጣላችሁም አመሰግናለሁ፤ ሰፈሩ ሞቷል ብሎ ይመጣ ነበር። ለኬኩ ደግሞ ለብቻው አመሰግናለሁ። ላዩ ላይ የተሳለው እንስሳ ምን እንደሆነ ግን ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ኬክ ቤቱ አጋዘን ነው ብሏል አሉ። እኔ የኬክ ቤቱ ጎረቤት ፍየል ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

አትቀየሙኝ። ዕድሜዬን የፓርክ መግቢያ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ መጠርጠር ጠባይ አይደለም፣ ሙያ ነው።

ለእንግዳው ወንድሜ ላስረዳ። እኛ እዚህ መካኒሳ አቦ ፎቅ ላይ ተቀምጠን፣ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ላለ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ እንሸጣለን። ከእኛ ሥር ሥጋ ቤት አለ። ደረጃውን የሚወጣ ሰው ሁሉ «እንስሳው የሚታየው ከታች ነው ከላይ?» እያለ ይቀልድብናል። ሁሉም ቀልዱን እሱ የፈጠረው ይመስለዋል። እኔም ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ ደንበኛ ነዋ!

ዋጋችን ደግሞ እንደ ሰዉ ነው። ኢትዮጵያዊ አንድ ዋጋ፣ እዚሁ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሌላ ዋጋ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጎብኚ ደግሞ እናቱን የሚያስጠራው ዋጋ። እንግዲህ መስኮቴ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ፣ ማንነቱ እስኪለይ ድረስ፣ ተጠርጣሪ ነው። ፓስፖርቱ የሌላ አገር ሆኖ አማርኛው ከእኔ የሚበልጥ ስንቱን አይቻለሁ! «መታወቂያ?» ስትለው «ቤት ረስቼው» ይላል። ቤቱ የት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ስለዚህ የራሴን ፈተና አወጣሁ። ዋጋውን እናገርና ፊቱን አያለሁ። ዋጋ ተነግሮት «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ያለ ሰው ወዲያው መታወቂያ ይጠየቃል። «ምን?! ዝንጀሮ ለማየት? ዝንጀሮው ራሱ ቡና ይጋብዘኛል እንዴ?» ያለ ግን ንጹሕ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ይቆረጥለታል።

ጥበቃችን ኮርሳ ከእኔም ይብሳል። ኮርሳ እዚሁ ላፍቶ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬም ከሥራ ሲመለስ ላሞቹን የሚያልብ ሰው ነው። አንድ ቀን «ሰው ዝንጀሮ ለማየት ይህን ያህል ሲከፍል ምን ትላለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ አባቴ ዝንጀሮ ከማሳው ለሚያባርርለት ሰው ይከፍል ነበር። ክፍያው ያው ነው፤ የዝንጀሮው ዕድል ነው የተቃና» አለኝ።

የካሜራውስ ነገር? ቪዲዮ ካሜራ ለብቻው እንደሚከፈልበት ታውቃላችሁ። አንዱ ሰርግ የሚቀረፅበትን የሚያክል አንግቶ መጣና «መነጽሬ ነው ጋሼ፣ ሩቅ አይታየኝም» አለኝ። ሌላዋ የከፈለችበትን መልእክት በስልኳ አሳየችኝ። አተኩሬ ሳየው ስሙ የወንድሟ ነው፣ ቀኑ ያለፈው ፋሲካ ነው፣ የተከፈለውም ለበግ ነው። ታዲያ እንዲህ እየኖርኩ እንዴት አልጠርጥር?

አሁን ወደ ስጦታዎቹ ልምጣ።

አንደኛው ጋቢ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። መልእክቱም ደርሶኛል፤ በዚህ አገር ለሰው ጋቢ አልብሰህ «በል ሩጥ» አትለውም።

ሁለተኛው ይህ ካርድ ነው። ነፃ የፓርክ መግቢያ። አቶ ቸኮል ሲሰጡኝ አጨበጨባችሁ፣ እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፎቶው ላይ ታዩታላችሁ። ከፎቶው በኋላስ ምን አደረግሁ? ልማዴን። ገልብጬ አየሁት።

ወገኖቼ፣ እኔ እኮ ፓርኩን አይቼው አላውቅም። ለሠራተኛ ነፃ መግቢያ ይፈቀድ ብዬ ያልጠየቅሁት ኃላፊ የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አቶ ምትኩ፣ ሠራተኛ ከሆኑ ጎብኚ አይደሉም። ጎብኚ ከሆኑ ደግሞ ይክፈሉ።» ደንበኛ «ቀበሮ አለ?» ሲለኝ «ሞልቷል!» እላለሁ። በእምነት ነው የሸጥኩት።

ዛሬ ግን በሩ ተበረገደ። መኪና ከነሾፌሩ፣ ምሳ እዚያው፣ አስጎብኚ ከጎኔ። ይህ ሁሉ ለእኔ? ለአንድ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ላስፈረማችሁኝ ሰው? ጀርባው ላይ ደግሞ «ለሐሙስ ብቻ ያገለግላል» ይላል። ለምን ሐሙስ? አጋዘኑ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ነው?

ሐሙስ ምን እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ለእንግዳው ልናገር። ቤታችን አንድ ወግ አለው። ከመስኮት የሚሰናበት ሰው፣ የመሳቢያውን ቁልፍ በገዛ እጁ ለተተኪው ያስረክባል፤ ምስክር ባለበት፣ «ይህ ሰው ይችላል» ብሎ። ዋናው መሥሪያ ቤትም የተረከበውን ሰው ቋሚ አድርጎ ይመድባል። እኔም ከእትዬ ጸደንያ የተረከብኩት እንዲሁ ነው፤ ነፍሷን ይማር፣ «ይችላል፣ ግን ይነተርካል» ብላ መስክራልኛለች። ተሰናባቹ በዕለቱ ካልተገኘ ግን ቁልፉን የሚሰጠው ኃላፊው ነው፤ ለፈቀደው ሰው።

የእኔ ርክክብ ሐሙስ ነው። ታዲያ ሐሙስ እኔ የት ነኝ? ቀበሮ ፍለጋ!

አቶ ቸኮል፣ ውሃ ይጠጡ እንጂ። ከሰስኩ አላልኩም። ጠረጠርኩ ነው ያልኩት።

ሸጊቱ የት ናት? ነይ ውጪ፣ ያ ቁመትሽ ከኬክ ጀርባ አያስደብቅም። ሸጊቱን ከደንበኞቻችን የማያውቃት የለም፤ መስኮት ሁለት ላይ በኮንትራት የምትሠራው ናት። በአማርኛ የመጣውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የመጣውን በኦሮምኛ፣ ተቆጥቶ የመጣውን በሳቅ ትሸኛለች። ነገር ግን መስኮት ሁለት ሊዘጋ ነው፤ ሕዝቡ በስልኩ ይቆርጣል ተብሏል። የሚቀረው የእኔ መስኮት ብቻ ነው። እሱን ካገኘች ቋሚ ትሆናለች። ካላገኘች በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች፤ ነፋስ ስልክ የተከራየችው ቤትና ትምህርት ቤት ያስገባቻት ልጇ እየጠበቋት። ለኮንትራት ሠራተኛ ደግሞ ኬክ እንኳ አይቆረጥም።

በሌላ በኩል ሄርሜላ አለች። ለልምምድ በቅርቡ የመጣች፣ የአቶ ቸኮል ባለቤት የእህት ልጅ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ክፉ አልናገርም። አንድ ደንበኛ «ፓርኩ በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ሲላት «ቆይ አጎቴን ልጠይቅ» አለች። እኔን ያስጠረጠረኝ «አጎቴ» የምትለዋ ናት እንጂ መንገዱን አለማወቋ አይደለም። መንገዱን እኔም አላውቀውም።

ካርዱን ማን ጻፈው? ጽሕፈቱን አወቅሁት። ቅድም ሸጊቱን ጥግ ይዤ ጠየቅኋት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ ጋሼ። አቶ ቸኮል ሐሙስ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ። ደስ እንዲልዎት ብዬ አሳምሬ ጻፍኩት።»

«ሐሙስ ርክክብ መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ኃላፊ ሲያዝዝ ምን ይባላል ጋሼ?»

ይታያችሁ! እንጀራዋን የሚነጥቃትን ቀን አሳምራ ጻፈችው፤ እኔ ደስ እንዲለኝ!

ምን አሉ አቶ ቸኮል? ... እሺ፣ ከኋላ ላልሰማችሁት ልድገመው። «ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ሄርሜላ መስኮቱን ብትይዘው ቅር ይልሻል ወይ ብዬ ራሷን ሸጊቱን ጠይቄያታለሁ። ኧረ ምን ቅር ይለኛል ብላኛለች» ይላሉ። እውነት ነው ሸጊቱ? ... አዎ አለች። እውነት ነው።

አያችሁ የእኔን ክፋት? ሰውዬው ተንኮል ሠሩ ብዬ ጠርጥሬ፣ ለካስ ፈቃድ ጠይቀዋል!

አቶ ቸኮል፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፤ በዚህ አገር «ኧረ ምን ቅር ይለኛል» ያለ ሰው ቅር ሳይለው የቀረው መቼ ነው? እንግዳ «በልቻለሁ» ሲልዎት ሳህኑን አንስተው ይሄዳሉ? ብስራተ ገብርኤል እርስዎ ቤት፣ ለልጅዎ ክርስትና መጥቼ «በቃኝ» ብዬ ነበር። ባለቤትዎ ይባረኩ፣ «በሞቴ» እያሉ ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ። በእርስዎ አያያዝ ቢሆን ከድግስ ቤት ጦሜን እወጣ ነበር!

ደግሞስ ኮንትራቷን የሚያድስላት ሰው በር ላይ ቆሞ «ዘመዴ ቦታሽን ብትወስደው ቅር ይልሻል?» ሲላት ምን ትበል? «አዎ፣ በጣም» ትበል? ማናችን ብለን እናውቃለን? እኔ ራሴ ስንት ኃላፊ «ቅዳሜም ብትገባ ምን ይመስልሃል?» ብሎኝ «ኧረ ደስ ይለኛል» ብያለሁ። ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲያውስ እኔ እንደ ወጋችን ልጠይቃት። ሸጊቱ፣ መስኮት አንድን ትፈልጊዋለሽ?

«እንዳላችሁ።»

አይ። ይሄ መልስ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። በሞቴ፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ?

«ሄርሜላም ልጅ ናት፣ ትሥራበት ...»

ይሄም ይሉኝታ ነው፤ ያውም ቅቤ የገባበት። ኮርሳ፣ እባክህ አንድ ነገር በላት። ... በኦሮምኛ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ አንገቷ ግን ቀና ብሏል። ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ። ሄርሜላ ቦታውን ብትወስደው ቅር ይልሻል?

«ይለኛል።»

ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ታች ሥጋ ቤት ድረስ።

«ቅር ይለኛል አቶ ቸኮል! ያን ቀን ሲጠይቁኝም ቅር ብሎኝ ነበር። እፈልገዋለሁ። እችለዋለሁም።»

እሰይ! ... ሄርሜላ፣ አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የምታጨበጭቢው? «እኔ ዲዛይን ነው መማር የምፈልገው፤ አክስቴን እምቢ ማለት አፍሬ ነው» ነው ያልሽው? የፈጣሪ ያለህ! አንዷ ኃላፊዋን አፍራ፣ አንዷ አክስቷን አፍራ፤ መስኮቱን የማትፈልገው ልትወስደው፣ የምትፈልገው ሳታገኘው ልትቀር! አቶ ቸኮል፣ እርስዎስ ማንን እምቢ ማለት አቅቶዎት ነው? ... ተዉት፣ አይመልሱ። ምስክር በዝቷል።

ስለ ምስክር ካነሳን ዘንድ፣ ወጋችን ምስክር ይሁን ይላል እንጂ ሐሙስ ይሁን አይልም። ቁልፉ ይኸውና። እንግዳው ወንድሜ፣ ኬኩን አስቀምጥና አንተም መስክር፤ በነፃ አልበላህም። ሸጊቱ፣ በሁለት እጅሽ ተቀበይ። ይህች ሴት ትችላለች። ደንበኛ አትነተርክም፤ ይህ ብቻ ነው ጉድለቷ፣ በሥራ ይስተካከላል።

አቶ ቸኮል፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይጽፋሉ? ... ይሄ ትከሻ መነቅነቅ ነው፣ እኔ የጠበቅሁት ራስዎን እንዲነቀንቁ ነው። ... «እጽፋለሁ»? መቼ? ... «አሁን።» ሁላችሁም ሰማችሁ።

ሐሙስ ግን እሄዳለሁ። ነፃ ነገር እንዳይመለስ ኮርሳ መክሮኛል። እዚያ ቀበሮ ከሌለ ዓርብ ጠዋት መጥቼ ለሕዝቡ እናገራለሁ።

በሉ እንግዲህ ልመርቃችሁ። መስኮታችሁ ሰልፍ አይጣ፤ ሰልፉም ዱላ አይያዝ። ለፓርኩ ዝናቡን በወቅቱ፣ እንስሳውን በርከት አድርጎ ይስጠው። ኮርሳ፣ ላሞችህ ይታለቡልህ፤ ወተቱን ለእኔም አስብልኝ። ሄርሜላ፣ የወደድሽውን ትምህርት ይግለጥልሽ። ሸጊቱ፣ ወንበሩ ይባረክልሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያድርስልሽ። አቶ ቸኮል፣ ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ ጠባቂ መልአክዎ ቀድሞዎት ይግባ።

ሁላችንንም ደግሞ፣ የልባችንን በመጀመሪያው ጥያቄ የምንናገር ያድርገን። አሜን በሉ።

... አቶ ቸኮል፣ የእርስዎ አልተሰማኝም።