እሳቸው ያነሱት ፎቶ

(ሐዋሳ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የውባለም ስፌት ሱቅ፤ ለሐይቅ ጥበቃ ሥልጠና ስዊዘርላንድ ከርሞ ዓርብ ዕለት የተመለሰው ባሏ ደምሰው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመጣታል፤ እሷ የጀመረችውን ሰደርያ ከስፌት መኪናው ሥር ትታ የእሱን ስልክ ትገላልጣለች።)

ደምሰው፦ ታዲያ ምን ልበላቸው? ነገ ጠዋት መልስ ይጠብቃሉ እኮ።

ውባለም፦ ቆይ፣ ፎቶውን ላዳርስ። ገና ድልድዩ ላይ ነኝ።

ደምሰው፦ ድልድዩ የትም አይሄድም ውቤ። ሦስት ወር ነው፤ መስከረም ሲጠባ ሄጄ ለገና እዚሁ ነኝ። ለሁለተኛው ዙር ከቢሮው የተመረጥነው ሁለታችን ብቻ ነን። እንደ ልማድሽ «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» በይኝና ይብቃን።

ውባለም፦ ሁለታችሁ ማንና ማን?

ደምሰው፦ እኔና ዶክተር። የቡድናችን መሪ፤ ነግሬሽ የለ።

ውባለም፦ አዎ፣ እሳቸው። ሰደርያቸውን እኮ እየሰፋሁ ነው። በሰው አገር ባሌን እንደ ልጃቸው የያዙ ሰው ባዶ እጃቸውን አይቀሩም ብዬ። ግን ይሄን ሁሉ ተራራ ደግመው ሊወጡት? በዚህ ዕድሜያቸው?

ደምሰው፦ ጠንካራ ናቸው።

ውባለም፦ እግዜር ያቆይልን። ይሄ የት ነው ያልከኝ?

ደምሰው፦ ሉሰርን። ድልድዩ የእንጨት ነው፤ ጣሪያ አለው። በውስጡ ስትሄጂ ከራስሽ በላይ የድሮ ሥዕል፣ ከጎንሽ አበባ፣ ከታች ውሃው ላይ ደግሞ አንገታቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎች። ሰው አይፈሩም፤ ዳቦሽን ከእጅሽ ነው የሚቀበሉሽ።

ውባለም፦ የነሱ ድልድይ ጣሪያ አለው፤ የኔ ሱቅ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይደቀንበታል። … ደምሰው፣ ዓይንህ ተከፍቷል።

ደምሰው፦ እ?

ውባለም፦ ፎቶው ላይ። አንተ እኮ ካሜራ ካየህ ዓይንህን የምትጨፍን ሰው ነህ። የሠርጋችንን አልበም ረሳኸው? ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተኝተህ ነው ያገባኸኝ።

ደምሰው፦ የዘንድሮ ስልክ ፈጣን ስለሆነ ነዋ።

ውባለም፦ የኔም የዘንድሮ ስልክ ነው። ለፋሲካ እጄ እስኪዝል አነሳሁህ፤ በአንዱም ላይ ነቅተህ አላገኘሁህም። እዚህ ግን ፍጥጥ ብለህ ትስቃለህ። ማነው ያነሳህ?

ደምሰው፦ ዶክተር ናቸው ያነሱኝ።

ውባለም፦ እጃቸው ይባረክ። ይሄኛውስ?

ደምሰው፦ ኢንተርላከን። በሁለት ሐይቅ መሃል የተቀመጠ ከተማ ነው። በዚህ በኩል ቱን፣ በዚያ በኩል ብሪየንዝ፤ ፊት ለፊትሽ በረዶ የለበሰ ተራራ። ማታ ማታ ከሥልጠና ስንወጣ በውሃው ዳር በእግራችን ነበር የምንመለሰው። አየሩ ራሱ ይጠጣል።

ውባለም፦ በውሃ ዳር በእግር።

ደምሰው፦ ምነው?

ውባለም፦ ምንም። እኛም ሐይቅ አለን ብዬ ነው። ከሱቁ በር ወጥተህ ቀጥ ብለህ ብትሄድ እግርህ ይርሳል። ከተጋባን ወዲህ ስንት ቀን ወሰድከኝ?

ደምሰው፦ እኔ እኮ ውሎዬ እሱ ላይ ነው። ሐይቁን ሳይ ሥራ ይመስለኛል።

ውባለም፦ ስዊዘርላንድስ ለሽርሽር ነበር የሄድከው?

ደምሰው፦ አንቺ ደግሞ፣ እኔ ፎቶ አሳይሽ አንቺ ክስ ትመሠርቻለሽ። ይልቅ ይሄን እዪ፤ ብሪየንዝ ሐይቅ፣ በጀልባ። ቀለሙን ተመልከቺ።

ውባለም፦ አየሁት። እንዲህ ያለ ሐር ለአንዲት ሙሽራ መርካቶ ድረስ ወርጄ ፈልጌ አጥቻለሁ። ውሃ ሆኖ ተኝቶ ኖሯል። … አንገትህ ላይ ያለው ምንድነው?

ደምሰው፦ የቱ?

ውባለም፦ ቀዩ ሻርፕ። ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቀይ ነገር አላስገባሁም።

ደምሰው፦ እሱ… ጀልባው ላይ ብርዱ ሲጠናብኝ ዶክተር አዋሱኝ።

ውባለም፦ ጠርዙ በእጅ የተጠለፈ ነው። አበባ አለው።

ደምሰው፦ እዚያ አገር ሻርፕ የወንድ የሴት አይባልም።

ውባለም፦ እዚያ አገር አይባል ይሆናል። ዶክተር ግን የዚህ አገር ሰው ናቸው አይደል?

ደምሰው፦ ነው እንጂ። ውቤ፣ እሱን ተይውና ወደዚህ ነይ፤ ይሄን ካላየሽ ምንም አላየሽም። ላውተርብሩነን ይባላል። ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል፣ ከየገደሉ ጫፍ ፏፏቴ ይወርዳል። አንዱማ ከከፍታው ብዛት መሬት ሳይደርስ ጭጋግ ይሆናል። እንደ ሞኝ ከሥሩ ሄደን ቆምን። ታዲያ ነፋሱ ድንገት ተነሳና ኮፍያዋን መንጭቆ ወሰደው! ሩጫ ነው እንግዲህ። እኔ ስሮጥ ኮፍያው ይሮጣል፤ መጨረሻ ላይ ደወል ያንጠለጠለች ላም እግር ሥር ሄዶ አረፈ። ላሚቱ አፍጥጣ ታየኛለች፤ ከኋላዬ ሳቁ…

ውባለም፦ የማንን ኮፍያ?

ደምሰው፦ የዶክተርን።

ውባለም፦ «ኮፍያዋን» ነው ያልከው።

ደምሰው፦ ኮፍያቸውን ማለቴ ነው።

ውባለም፦ ማለትህን አልጠየቅኩህም። ያልከውን ሰምቻለሁ።

ደምሰው፦ አፌ ላይ መጣ በቃ። ሰው አይሳሳትም?

ውባለም፦ ይሳሳታል። ዶክተር ሴት ናት።

ደምሰው፦ ሴት ናቸው።

ውባለም፦ አሁንም «ናቸው»?

ደምሰው፦ አለቃዬ ናቸዋ። ምን ልበል ታዲያ? ወንድ ናቸው ብዬሽ አላውቅም።

ውባለም፦ እውነትህን ነው፣ አላልክም። ተናገሩ፣ መጡ፣ አዘዙ፣ አነሱኝ። እኔም ተላላዋ ሽበታም ሽማግሌ ሥዬ ምርኩዝ አስይዤ አስቀመጥኩ። «ብርዱ ወገባቸውን እንዳይዛቸው» ብዬ ከውስጥ ገበር ያለው ሰደርያ ቆረጥኩ። ልኩን ስጠይቅህ ምን አልከኝ?

ደምሰው፦ አላስታውስም።

ውባለም፦ እኔ አስታውሳለሁ። «ቀጭን ናቸው» አልከኝ። ቁመታቸውስ ስልህ፣ «እስከዚህ ናቸው» ብለህ እጅህን ደረትህ ላይ አሳረፍክ። እዚህ ጋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኔን ልክ የት ጋ እንደሆን ታውቃለህ?

ደምሰው፦ ውቤ…

ውባለም፦ ስንት ዓመቷ ነው?

ደምሰው፦ ከኔ ሁለት ሦስት ዓመት ቢያንሱ ነው።

ውባለም፦ ስሟስ?

ደምሰው፦ ዶክተር ሮማን።

ውባለም፦ ሮማን። ይኸው ስም አላት። አግብታለች?

ደምሰው፦ ተፋተዋል።

ውባለም፦ ማንና ማን?

ደምሰው፦ እሳቸውና ባላቸው ነዋ!

ውባለም፦ አትጩህ፤ ጎረቤት አለኝ። ገና ፎቶ ይቀረኛል። ይሄ ሹል ተራራስ?

ደምሰው፦ ማተርሆርን። ከተማዋ ዜርማት ትባላለች፤ መኪና አይገባባትም። በባቡር ትገቢና በእግርሽ ትሄጃለሽ። ስልኩን ስጪኝ በቃ።

ውባለም፦ አልሰጥህም። እዚህ ላይ የቆምከው የት ነው? ከኋላህ ሁሉም ነገር በታች ነው። ደመናው ራሱ ከእግርህ ሥር ነው።

ደምሰው፦ ከላይ ነው። በገመድ የሚሄድ ሳጥን አለ፤ እሱ ያወጣሻል።

ውባለም፦ ጉልበትህ ተሻለህ እንዴ?

ደምሰው፦ ምን?

ውባለም፦ ጉልበትህ። ታቦር ተራራ ላይ ወጥተን ከተማችንን ከላይ እንያት ባልኩህ ቁጥር ጉልበቴን ትለኝ የለ? በጠዋት ተነስቼ ስንቅ አዘጋጅቼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ በር ላይ የቀረሁበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጉልበትህን በቅባት ሳሽ የኔ ጣት ነው የቆረፈደው። እንግዲህ በረዶው ፈወሰው?

ደምሰው፦ ጉልበቴን አይደለም።

ውባለም፦ ምንህን ነው ታዲያ?

ደምሰው፦ ከፍታ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ከፎቅ ወደ ታች ማየት አልችልም። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። አንቺ ምንም የማትፈሪ ሴት ነሽ፤ ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ቆርቆሮ የምትመቺ። ባሌ ተራራ ይፈራል እንዳትይኝ ብዬ ጉልበቴን አልኩ። አንዴ ካልኩ ደግሞ…

ውባለም፦ ለዚህ ነው ፎቅ ላይ ያለው የእህቴ በረንዳ ላይ አልቀመጥም ስትል የነበረው።

ደምሰው፦ ለዚህ ነው።

ውባለም፦ እህቴን አስቀየምናት ብዬ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። … እና ያን ሁሉ ሰማይ እንዴት ወጣኸው?

ደምሰው፦ ሳጥኗ ስትነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ብረቱን ጨመደድኩ። አየችኝ። «ትፈራለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እንዴት እንዳልኳት አላውቅም፣ ወጣ በቃ። እጄን ያዘችና «ተራራውን አትይ፤ እኔን እየኝ» አለችኝ። እሷን እያየሁ ደረስን። ከላይ ደርሰን ስንወርድ ዓይኔን እንዳልጨፍን ሳላስበው አነሳችኝ። ቅድም ያየሻቸው ፎቶዎች ከዚያ በኋላ የተነሱ ናቸው… ያን ቀን ነው ያስለመደችኝ።

ውባለም፦ አሁን «አነሳችኝ» አልክ።

ደምሰው፦ አንቺ ነሽ ያስወጣሽኝ። ሌላ የለም ውቤ፤ እጄን ያዘች፣ ይኸው ነው። ማርያምን ሌላ የለም።

ውባለም፦ ማርያምን ተዋት። እጅህን ስለያዘች ብቻ ከሆነ «አንዲት ሴት አብራን አለች፣ ጎበዝ ናት፣ ስፈራ እጄን ያዘችኝ» ብለህ እየሳቅህ ትነግረኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። «እሳቸው» ብለህ የሸፈንካት ከኔ ብቻ አይደለም፤ ከራስህም ነው።

ደምሰው፦ እንዳትቀኚ ብዬ ነው።

ውባለም፦ ቀናሁ። ይኸው፣ በአፌ ልንገርህ፤ ቀናሁ። መጀመሪያ በድልድዩ ቀናሁ። በሐይቁ ቀናሁ፤ ሰው በሐይቅ ይቀናል? ላሚቱ እንኳ አንተ ስትስቅ አይታሃለች፤ ላሚቱ ላይ ቀናሁ። በሻርፑ ቀናሁ። ያ ሁሉ ግን ያልፋል። ፍርሃትህ ግን የኔ ነበር ደምሰው። ጉልበትህን ለኔ ሰጥተህ ፍርሃትህን ለሷ ሰጠሃት። ያላመመህን ሳሽ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ደምሰው፦ አልሄድም። እነግራታለሁ፣ ነገ ጠዋት እነግራታለሁ፤ ሌላ ሰው ይሂድ።

ውባለም፦ አልሄድም በል አላልኩህም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዓይኔን እያየህ መልስልኝ፤ ዓይን መክፈት ተምረሃልና። መሄድ ትፈልጋለህ?

ደምሰው፦ ሥራ እኮ ነው።

ውባለም፦ ሥራውን አልጠየቅኩህም። አንተ ትፈልጋለህ?

ደምሰው፦ ሐይቁ እኮ…

ውባለም፦ ሐይቁን ነው የምትፈልገው?

ደምሰው፦ (ዓይኑን ይጨፍናል።)

ውባለም፦ ደህና። ሻይ ይፈልጋሉ?

ደምሰው፦ እነማን?

ውባለም፦ እርስዎ።

ደምሰው፦ ምን ማለት ነው ይሄ? ውቤ?

ውባለም፦ አክብሮት ነው፣ አቶ ደምሰው። ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ስልክዎን ይኸውልዎ፤ ፎቶውን ጨርሻለሁ።

ደምሰው፦ አትቀልጂ። አንተ በይኝ።

ውባለም፦ ለዶክተር ነገ ጠዋት ይንገሯቸው፤ ሚስቴ ፈቅዳለች ይበሏቸው። ሰደርያቸውም ይደርሳል። ለወንድ ነበር የቆረጥኩት፤ ደረቱን ትንሽ አሰፋዋለሁ።

ደምሰው፦ ስደቢኝ። ከፈለግሽ ውጣ በይኝ፤ ግን አንተ ብለሽ ስደቢኝ። እባክሽ ውቤ።

ውባለም፦ መንገድዎን ጨርቅ ያድርግልዎት።