ጥንድ የሌለው ስፒከር

ከገንዳ ውሃ ወደ ሽንፋ የምትሄደው መኪና እስክትሞላ ድረስ ተሳፋሪው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። የኅዳር ቅዳሜ ነበር። የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ወደ ደጋ የሚመለሱ ሠራተኞች ጓዛቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ የፈተና ወረቀት ሳርም ስለከረምኩ ዓይኔን ከድኜ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ባየልኝ መሆናቸውን ያወቅሁት ሲናገሩ ነው።

«መምህር፣ ወረቀት ይዘሃል?»

የተኙት ሠራተኞች ሁሉ ቀና አሉ። አቶ ባየልኝ ሠላሳ ዓመት ትራክተር የነዱ፣ አማርኛም ዓረብኛም የሚችሉ፣ ሽንፋ ላይ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ግን ድሮ እንዲህ አይጮኽም ነበር።

«ይዣለሁ አያ ባየልኝ። ምን ልጻፍልዎ?»

«የስንብት ደብዳቤ። ከሽምግልናው መውጣቴ ነው።»

«ምነው? ነገ የአብዱረሕማንና የቢሻው ነገር አይታይም?»

«ይታያል እንጂ። ያንዱ ከብት የሌላውን ሰሊጥ በልቷል። ሁለቱም እኔን ነው የመረጡ። ጆሮዬ ግን ካላስ፣ አለቀለት። ያልሰማሁትን ልፍረድ?»

«አሁን እየሰሙኝ አይደል?»

«አንተማ እየጮህክ ነው።»

«አልጮህኩም።»

«ትጮኻለህ» አሉ፤ ነገሩን ጨርሰውታል።

መኪና ውስጥ ማስረጃቸውን ነገሩኝ። ልጃቸው አዛናው ካርቱም ሲሠራ ቆይቶ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ተመለሰ። ይዞት የመጣውን ኮምፒዩተርም ከነስፒከሮቹ አምጥቶ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካላቸው። ባለፈው ፋሲካ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ «ስፒከሮቹን እርስዎ ይስቀሏቸው፤ ቅንጅቱን ግን ማንም እንዳይነካው» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊልም በከፈቱ ቁጥር ሙዚቃው ይሰማቸዋል፣ ጥይቱ ይሰማቸዋል፣ ነፋሱ ሳይቀር ይሰማቸዋል፤ የሰው ንግግር ብቻ አይሰማቸውም። ለልጃቸውም አልነገሩትም። ልጁ ሲደውል ስልኩን ለሚስታቸው ለወይዘሮ አሰበች ይሰጣሉ።

ልከራከራቸው ይገባኝ ነበር፤ ግን ደክሞኛል፤ እሳቸውም ደክመዋል። ደብዳቤውን ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። ለመፈረም መነጽራቸው ቤት ስለነበረ ከመኪናው ወርደን ወደ ቤታቸው ገባን።

ወይዘሮ አሰበች ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ቀዱልን። «ፀሐዩ እንዴት ነበር?» ያሉኝ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነው። ጎንደር ኮምፒዩተር ተምራ የጨረሰችው ማስተዋል፣ የአቶ ባየልኝ የእኅት ልጅ፣ ለጥየቃ መጥታ ኖሮ ጥግ ተቀምጣ ግድግዳውን ትመለከታለች። ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከኋላ ተሰቅለዋል። ትልቁ መሬት ላይ ነው።

«አጎቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት ልጠይቅዎ። የዚህ ዓይነቱ ስድስት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ስድስተኛው የት ሄደ?»

«መለዋወጫው? ጓዳ ነው፣ ከሰሊጡ ኩንታል ጀርባ።»

«መለዋወጫ ነው ያለዎት ማነው?»

«ማን ይነግረኛል? እነዚህ ጥንድ ናቸው፤ የኋላዎቹም ጥንድ ናቸው። ትልቁ ለከበሮው ነው። አንዱ ብቻውን ቀረ። መኪናስ የሚይዘው አንድ ትርፍ ጎማ አይደል?»

ማስተዋል አልሳቀችም። በእኛ ቆላ ዕቃ ሲበላሽ ምትኩ በቀላሉ ስለማይገኝ ሰው ሁሉ መለዋወጫ ያስቀምጣል። መልካም ልማድ ነው። ሰው ሳይጠይቅ በማያውቀው ዕቃ ላይ ሲሠራበት ግን ያሳስታል።

«የሰው ንግግር የሚወጣው በዚያ ነው» አለች። «አዛናው ኮምፒዩተሩን በስድስት ስፒከር አስተካክሎታል። ሙዚቃውን ወደ ጎን፣ ንግግሩን ወደ መሃል ይልካል።»

«መሃል ላይ እኮ ምንም የለም።»

«ኮምፒዩተሩ ያንን በምን ያውቃል? የተነገረውን ነው የሚያምን።»

«የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሞኝ ዕቃ ይሠራል?»

«ሞኝ አይደለም፤ ታዛዥ ነው።»

«ልጄ አትንኩት ብሏል። ባለሙያ ያስተካከለውን አንቺ ልታበላሺው?»

«አጎቴ፣ ትራክተሩን ባለሙያ አስተካክሎልዎት ከሄደ በኋላ ማረሻ ቢቀይሩ፣ ጥልቀቱን እንደነበረ ይተዉት ነበር?»

አቶ ባየልኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማረሻው ከተለወጠማ ማስተካከል ነው።»

«እዚህም ዕቃው ተለውጧል። ከስድስት አንዱ ወጥቷል።»

«ልጄ፣ ልታጽናኚኝ ነው። ሽማግሌን ማጽናናት ደግሞ ያደክማል፤ ተይኝ።»

እሷ ግን ተነሥታ ስድስተኛውን ከጓዳ አመጣችው። ሽቦውን አይጥ በልቶታል። አቧራውን ጠርጋ አስቀመጠችውና ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ከታች በቀኝ ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክታ ወደ ቅንጅቱ ስትገባ ስድስቱ ስፒከሮች በሥዕል ወጡ።

«ይኼ መሞከሪያው ነው። መምህር ስም እንደሚጠራው ሁሉንም በየተራ ይጠራል። የሰሙትን ይንገሩኝ።»

የግራው ጮኸ። «አቤት አለ» አሉ አቶ ባየልኝ። የቀኙ ጮኸ። «አቤት።» ከዚያ የመሃሉ ሥዕል በራ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ይኸው» አሉ ቀስ ብለው፤ «እዚህ ላይ ነው ጆሮዬ የሚሞተው።»

«እኔም አልሰማሁም» አልኩ።

«እኔም አልሰማሁ» አሉ ወይዘሮ አሰበች።

አቶ ባየልኝ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ፊልሙ አይሰማኝም። ያንተ ሄደ፤ የኔም ሄደ ብል ቤቱን ማን ይይዘዋል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ስትስቂ አይሽ አልነበር?»

«አንተ ስትስቅ አይቼ ነዋ።»

«እኔ የምስቀው እኮ አንቺን አይቼ ነው።»

ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስንት ምሽት እንዲህ እንዳለፈ የሚያስቡ ይመስለኛል።

ማስተዋል ስድስት የሚለውን ትታ፣ ንግግሩም በግራና በቀኙ እንዲወጣ፣ መሃል የሌለበትን ሁለት ስፒከር የሚለውን መረጠች፤ መቶ ላይ የነበረውን ድምፅም ሠላሳ ላይ አወረደችው። አንድ ድራማ ከፈተች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለች ሴት «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» አለች። አቶ ባየልኝ ግማሽ ተነሥተው በራቸውን አዩ። ውጭ አሸዋው በሙቀት ይርገበገባል።

ሲቀመጡ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል እኮ» አሉ።

«ይጮኻል» አለች ማስተዋል፤ «የሠላሳ ዓመት ትራክተር ነው። ሰኞ አብረን ገንዳ ውሃ ሄደን ሐኪም ይየው። የደከመ ነገር ካለ ሐኪሙ ይነግረናል። ኮምፒዩተር ግን ሐኪም አይደለም።»

«ነገስ?»

«ነገማ ያልሰሙትን ድገሙ ይበሏቸው። መድገም ነውር ነው?»

አቶ ባየልኝ ደብዳቤውን አነሡ፤ አልፈረሙም። ገልብጠው ሰጡኝ። «መምህር፣ አሁን ያደረገችውን በጀርባው ጻፍልኝ። ነገ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይ ልጅ ሲነካካው እንደገና ደንቆሮ እንዳልሆን።»

ማስተዋል እየነገረችኝ ጻፍኩ። መጀመሪያ በቤቱ ስንት ስፒከር እንደሚሠራ መቁጠር። ቀጥሎ ቅንጅቱ ላይ ከዚያ የማይበልጥ፣ መሃል የሌለበት ቁጥር መምረጥ። ከዚያ በየተራ ማስጠራት፤ አቤት ያላለ ካለ ድምፅ ከመጨመር በፊት ሽቦውን ማየት። ድምፁ ዝቅ ሲል ጎረቤት ያርፋል፤ የቀረችውም ጆሮ ትቆያለች። እኔ ደግሞ በራሴ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሰው አለመስማቱን ከመደበቁ በፊት አጠገቡ ያለውን አንተስ ብሎ ይጠይቅ። ይህን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቅ ሁለት ሰዎች ከፋሲካ እስከ ኅዳር በአንድ ቤት ተጯጩኸው ኖረዋል፤ አገሩም የሚያስታርቀውን ሰው ሊያጣ ነበር።

«አብዱረሕማንን ካገኘኸው» አሉኝ ሲሸኙኝ፣ «ነገ እመጣለሁ በለው።»

ደጃፉን ዘግቼ ስወጣ ባልና ሚስቱ ወደ ውስጥ ተመልሰው መነጋገር ጀመሩ። ከአጥሩ ውጭ ትንሽ ቆምኩ። ድምፃቸው ይመጣል፤ ቀስ ብለው ስለሚያወሩ ግን የሚሉት አልተሰማኝም።