ከጠረጴዛው እግር ሥር የወጣው መጽሐፍ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ በታላቅ አክብሮት የምገልጸው ነገር ቢኖር የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ መነቃነቅ መጀመሩን ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሰዓቱም ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሆዱ ሞልቶ ሐሳቡ የሚጎድልበት ሰዓት።

ጠረጴዛው ለዓመታት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የቆመው ግን በሦስት እግርና በሥነ ጽሑፍ ነበር። አራተኛው እግር አጭር ስለሆነ ባለቤቱ አዲስ መጽሐፍ ሲደርሳቸው አሮጌውን አውጥተው አዲሱን ከሥሩ ያስገባሉ። እኚህን ሰው ሠፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል፤ የልብስ መለኪያቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደው ሰልፈኛው ዶክተር መስለውት መንገድ ለቀቀላቸው ይባላል።

የዚያን ዕለት ከማዶው ትምህርት ቤት ቋንቋ የሚያስተምር ወጣት ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ጋሽ ሜትር እስፒላቸውን በከንፈራቸው ነክሰው፣ ተንበርክከው የሱሪውን ጫፍ ሲያጥፉ፣ መምህሩ ሥራ ፈቶ ወደ ታች ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እግር ነው።»

«ከእግሩ ሥር ያለውን ነው የምጠይቅዎ።»

«ጫማው ነዋ!»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ መዘዘው። ጠረጴዛው ዘመመ፤ መቀሱ ወደቀ፤ የክሩ ጥቅል እየተተረተረ ከበሩ ወጥቶ ጎን ካለው የእኔ ኮፒ ቤት ደጃፍ ድረስ መጣ። እኔም ክሩን ተከትዬ ገባሁ። ስለዚህ የተገናኘነው በአጋጣሚ ነው፤ ወሬ ፈልጌ ገባሁ የሚሉኝ ሰዎች ይታረሙ።

መጽሐፉ በቀይ ፊደል «ከቤት የወጣችው» ይላል። ከጀርባው ደግሞ «ቤቷን ለልጇ ትታ የወጣች እናት ታሪክ፤ አዲስ ልብ ወለድ» የሚል አለበት።

«ይህን መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» አለ መምህሩ አቧራውን በእጅጌው እየጠረገ። «እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጨረሻው ላይ ያላለቀሰ ሰው የለም።» ጀርባውን ቃኘት አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ አንብበውታል አይደል?»

«ማን ያላነበበው አለ!» አልኩ። መጽሐፉን ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፤ የተማርኩትም ሰው ኮፒ ሊያስነሣ ካመጣው ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ብዙ ነገር መካከል መካከሉን አውቃለሁ፤ መጀመሪያና መጨረሻው ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ጋሽ ሜትር እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። ለክርክር ሲዘጋጁ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ስማኝ መምህር። የላከችልኝ ልጄ ናት። ትልቁ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዋና አራሚ ናት፤ እሷ ሳታየው አንዲት ነጥብ እንኳ አትወጣም። ባለፈው ሰሞንማ ሁለት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እየታተመ እንቅልፍ አጥተው ነበር አሉ።» (አምና አራሚ ብቻ ነበረች። ሹመቱን የሚሰጧት አባቷ ናቸው።) «እወዳታለሁ፤ መጽሐፉን ግን ምን ላድርገው? ልብ ወለድ ማለት ውሸት አይደለም እንዴ?»

«ውሸት አይደለም ጋሼ፤ ፈጠራ ነው።»

«አንድ ደንበኛ ኮት አዞኝ፣ ‹ሰፍቼዋለሁ፤ ነገር ግን ፈጠራ ስለሆነ አይታይም› ብለው ምን ይለኛል?»

እዚህ ላይ እኔ ሳቅሁ። መምህሩ አልሳቀም፤ መምህራን ክርክር ላይ ሲሆኑ ሳቅ እንደ ቅጣት ነው የሚቆጥሩት።

«ደግሞም» አሉ ጋሽ ሜትር፣ «ያልተፈጠረ ሰው ሞቶ ለምን አለቅሳለሁ? የራሴ የሞቱብኝ አይበቁኝም? አዲስ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አዲስ ልብስ እንኳ በሰው ልክ ነው የሚሰፋው። ይህን የጻፈው ሰው እኔን የት ለክቶኝ ያውቃል?»

«እሺ፣ ልብ ወለዱ ይቅር። በየጊዜው እውነተኛ ነገር የሚያስተምርም አዲስ መጽሐፍ ይወጣል፤ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ጤና፣ ድልድይ እንዴት እንደሚቆም…»

«ስለ ከዋክብት የተጻፈውም ደርሶኝ ነበር። እሱ ቀጠን ይላል፤ ጠረጴዛውን አልቻለውም።»

መምህሩ ተስፋ የቆረጠ መሰለ። መጽሐፉን መልሶ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ካለ በኋላ ግን፣ የመጣለት ነገር እንዳለ ሁሉ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ስትደውል ስለ መጽሐፉ አትጠይቅዎትም?»

ጋሽ ሜትር መቀሱን ከወለል አነሡ። የሚቆረጥ ነገር አልነበረም፤ ዝም ብለው ከፈት ዘጋ አደረጉት።

«እሑድ እሑድ ትደውላለች። ‹አባባ፣ አነበብከው?› ትለኛለች። ‹አነበብኩት፣ ግሩም ነው› እላለሁ። ‹የቱ ቦታ ደስ አለህ?› ትለኛለች። ‹ሁሉም› እላለሁ። ከዚያ ዝም ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። ብርድ አለ ወይ እላታለሁ፤ አለ ትላለች። በል ደህና ሁን ትለኛለች።»

መቀሱን በቁራጭ ጨርቅ ጠረጉት።

«እናቷ በነበረች ጊዜ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ከኋላ ሆኜ ‹ሰላም በያት› ማለት ነበር ሥራዬ። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ያነቡና ስለዚያ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ጀንበሯ ትጠልቃለች። እኔም በሳቃቸው መሀል እየሰፋሁ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስልኩን የሚይዝልኝ የለም። ድምጿ ሳምንቱን ሙሉ ይናፍቀኛል፤ ስትደውል ግን የምለው ይጠፋኛል። በየሳምንቱ እያጠረ ነው። ጨርቅ ቢሆን አስረዝመው ነበር። ወሬ ግን ጫፉ አልያዝልህ አለኝ።»

«ጋሼ፣ ጫፉን ልካልዎታለች እኮ» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ነዎት ከጠረጴዛ ሥር ያደረጉት።»

ብዙ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ኮፒ ቤት ሰልፍ አይጠፋም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲረታ ያየሁት ሰው ግን ጋሽ ሜትር ብቻ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ መጽሐፉን ተቀበሉ፤ አገላበጡት፤ ስንት ሴንቲ እንደሚወፍር በሜትራቸው ለኩ።

«የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ተጣብቀዋል» አሉ።

«ይለፏቸው፤ እዚያ የሚኖረው የምስጋና ቃል ነው» አለ መምህሩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው አዲስ መጽሐፍ ማንበብ ጥቅሙ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ጋሽ ሜትር እግራቸው የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ፣ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ሆነ። መኪናው ሲቆም ደንበኛው የታሪኩ ጥሩ ቦታ እንደ ደረሰ ያውቃል። «ፍጠኑልኝ» ይል የነበረ ሰው ወንበር ስቦ «ከዚያስ?» ማለት ጀመረ። የጎረቤት ነገር ይወራበት የነበረው ቤት አሁን ማንም የማይቀየምበት ነገር ይወራበት ጀመር። እኔም ሳልቀር ሰው ያመጣልኝን ወረቀት ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ለመድኩ። ንባብ ቤትን ያቀናል፤ ጠረጴዛው ግን ይነቃነቅ ነበር።

መምህሩ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ጋሽ ሜትር አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

«መምህር፣ ንቦቹ ግን ለምን በዙ?»

«ንቦቹ?» አለ መምህሩ። ጥቂት አሰበ። «ንብ ምሳሌ ናት ጋሼ። ደራሲው በንብ አድርጎ ሰውን ነው የሚናገረው።»

«እንዲያ ነው እንጂ። የቀፎው ቁመትና ወርድ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውስ?»

«እሱም ምሳሌ ነው» አለ መምህሩ፣ ወደ በሩ እያየ።

«እኔማ ወድጄዋለሁ! ልኩን የሚናገር ደራሲ ሐቀኛ ነው።»

እኔን አዩኝ። «ጥልቅ መጽሐፍ ነው» አልኩ። ይህን የምለው ምንም በማላውቅበት ጊዜ ነው።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ሜትር ከቤታቸው ዝምታ ሱቃቸውን ስለሚመርጡ እሑድም ይከፍታሉ። እኔና መምህሩ ለምስክርነት ተጠራን። ስልኩ ሲጮኽ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረጉትና ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጡት።

«አባባ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ልጄ፣ አነበብኩት።»

«ግሩም ነው አይደል?» አለች። ድምጿ ገና ሳትጀምር የደከመ ነበር።

«አይ፣ ቆዪ። የቱ ቦታ ደስ አለህ በይኝ።»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፦ «የቱ ቦታ ደስ አለህ?»

ጋሽ ሜትር በሪባን ምልክት ያደረጉበትን ገጽ ገለጡና ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ፦ «‹ቀፎው ሲጠብ አሮጊቷ ንግሥት ቤቱን ለልጇ ትታ፣ ከሠራተኞቹ እኩሌታ የሚሆኑትን አስከትላ ትወጣለች። አዲስ ማደሪያ እስኪገኝም ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይቆያሉ።›»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ እስከ ዛሬ የሚሄደው ልጅ፣ የሚቀረው ወላጅ ነው ብዬ ነበር። ይህ ሰው ገልብጦ አሳየኝ። አንቺ ስትሄጂ ቤቱ ጠቦሽ እንደ ነበረ አላወቅኩም። ሻንጣሽን ይዘሽ በዚህ በር ስትወጪ እኔ ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁሽም። ካየሁሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። የለካሁት ጨርቅም ከዚያ በኋላ አጠረ። ይህንን ልነግርሽ ፈልጌ ጫፉ ጠፍቶኝ ነበር።»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ምዕራፍ» አለ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ «ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ነው። ሁለት ጊዜ ሳነበው ሁለት ጊዜ…»

«አባባ» አለች ልጅቱ። «የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተጣብቀዋል?»

«ተጣብቀዋል። የምስጋና ቃል ነው።»

«ምላጭህን አምጣና ለያያቸው።»

ጋሽ ሜትር የተበላሸ ስፌት የሚፈቱበትን ምላጭ አነሡ። በሁለቱ ቅጠሎች መሀል አስገብተው፣ ክር እንደሚበጥሱ ሁሉ ቀስ እያሉ እስከ ታች ወረዱ። ወረቀቱ ተከፈተ። ሦስታችንም አጎነበስን።

ገጹ «ዘመናዊ የንብ እርባታ፤ የጀማሪዎች መመሪያ» ይል ነበር።

መምህሩ ሁለት ጊዜ ያነበበውን መጽሐፍ ርዕስ ገና ያን ጊዜ አነበበው። እኔ ጣሪያውን ተመለከትኩ፤ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ልብ ወለዱ የንቡን ሽፋን ለብሶ ሄዷል» አለች ልጅቱ። «ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፤ ተምታቱብኝ። ሽፋኑን የለጠፍኩት እኔ ነኝ አባባ። አራሚ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ሙጫ ላይ ነው የምሠራው። የተበላሸውን ለሠራተኛ ይሰጡናል፤ እኔም ለአንተ እልካለሁ። ግሩም ነው የምለው ጀርባውን አይቼ ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድም መጽሐፍ ከፍቼ አላውቅም። አንተ ካነበብክ፣ ያነበብከውን ስትነግረኝ እንደ ድሮው የምንሆን መስሎኝ ነው።»

ጋሽ ሜትር መጽሐፉን ዘጉት። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ ደንበኛ የመለሰውን ኮት ስፌት እንደሚዳስሱት ነበር። ዳር ዳሩን በጥፍራቸው ሞከሩ።

«ይህ የአንቺ እጅ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አልተላቀቀም» አሉ። «በየትም በኩል አልተላቀቀም። ይህን ጠረጴዛ ያን ያህል ጊዜ ተሸክሞ እንኳ አልተላቀቀም።»



«የምን ጠረጴዛ፣ አባባ?»

ጋሽ ሜትር እኛን አዩን። ልናግዛቸው የምንችለው ነገር አልነበረም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ጊዜ አለሽ?» አሏት።