የሑስና ወዝ

«እማማ፣ የሞጆ ነፋስ ዛሬ እንዴት ለስለስ ብሏል! ትናንት አዳማ ላይ እኮ አስፋልቱ ሳይቀር ላብ ላብ ብሎት ነበር። እግርዎን መዘርጊያ ቦታ አለዎት? ያቺን ፌስታል ወደ እኔ ያድርጓት… እንዲያ!»

ሑስና አማቷን እማማ ዘምዘምን እንዲህ ስታጫውት የሰማ ሰው፣ በሆዷ ሌላ ነገር አለ ብሎ አይጠረጥርም። ከአዳማ ከተነሱ ገና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ የኢሊያስ ኒካህ ከነገ ወዲያ ሻሸመኔ ላይ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ አንድ ሚኒባስ ተኮናትሮ መንገድ ገብቷል። የሑስና ባል ጃዕፈር ከኋላ ከአጎቶቹ ጋር ተጣቧል። ከፊት፣ ከሾፌሩ ከነገሪ ጎን፣ የጃዕፈር ታላቅ እህት ሳፊያ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ተቀምጣለች። ለሙሽራዋ የሚወሰደው የጥሎሽ ሻንጣ በእግሮቿ መሃል ነው።

ሳፊያ ጠዋት ሰው ሲሳፈር አንዲት ቃል ብቻ ተናግራ ነበር። «ፊቱ የሚቀልጥ ሰው መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ሙቀት ነው።» ስም አልጠራችም። ሁሉም ግን ዞሮ ያየው ሑስናን ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። የዛሬ ዓመት በሑስና ሰርግ ቀን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ፣ ሳፊያ ወደ ሙሽሮቹ መቀመጫ ወጥታ የሙሽራዋን ግንባር በሶፍት ጠረገችላት። ቀጥላም ሶፍቱን ለካሜራው ከፍ አድርጋ፣ «ወንድሜ ብልህ ነው፤ ዘይት በተወደደበት ዘመን ምን የመሰለች ሚስት አገኘ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ በቪዲዮው ውስጥ አለ፤ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከፈታል።

ሑስና ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች። ፊቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ወዛም ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ጉዳዬ ብላው አታውቅም። ከሰርጉ ወዲህ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ በልብስ ሳሙና ትፈትገው ጀመር። ሎሚ አሸችበት፤ በላዩ ፓውደር ደረበችበት። ወዙ ይባስ ብሎ ፈሰሰ። በመጨረሻ ሳፊያ ራሷ፣ መዋቢያ ከምትሸጥበት ሱቋ ስም የሌለው ቅልቅል ቅባት በብልቃጥ ይዛ መጣችና፣ «ይሄ ዘይቱን ድራሹን ያጠፋዋል» አለቻት። በሁለተኛው ቀን የሑስና ጉንጭ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ተመላልሳ እስክትድን ሁለት ወር ሙሉ ከመስታወት ጋር ተኳርፋ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣው ሊዘጋ ሲል፣ ያው ብልቃጥ ቀይ ሪባን ታስሮለት ከሙሽራዋ ቀሚሶች ላይ ጉብ ብሎ አየችው።  ፊት ለፊት ብትናገር «ቀንታ ነው» ይሏታል፤ ጃዕፈርም በእህቱ ሲመጡበት አይወድም። ዝም ብትል ደግሞ አንዲት አይታት የማታውቅ ልጅ ለኒካሗ ፊቷ ተልጦ ልትቀርብ ነው። ስለዚህ ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ ፊቴ ዛሬ እንዴት ነው? ይንገሩኝ፣ አይፈሩ… ያበራል አይደል? ምን ላድርግ! አላህ ሲሰጠኝ አልሰሰተብኝም። ደግሞስ እኔ ወዝ አደር አይደለሁ? በወዜ ካላደርኩ በምን ልደር?»

እማማ ዘምዘም ፈገግ አሉ። ከፊት ወንበር የሻርፑ ጫፍ ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ቆዳሽን ጠላት አታድርጊው፤ በፈተግሽው ቁጥር ይቆጣል› አለኝ። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ባለ ውኃ… በቃ! ‹ብጉር እንዳታፈርጪ፣ የትራስ ልብስሽን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ› አለኝ። ወዛም ፊትም ቅባት ያስፈልገዋል ሲለኝማ ሳቅሁበት። ለካ ቀለል ያለ፣ ዘይት የሌለበት አለ። ከቤት ሲወጡ ደግሞ የፀሐይ መከላከያ። ቀን ላይ ሲያበራ በሶፍት ነካ ነካ… ሶፍትም እኮ ወግ አለው እማማ። ለብቻ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ሲጨርሱ ይጥሉታል እንጂ እንደ ባንዲራ ከፍ አያደርጉትም። ይሄንን የማያውቅ ሰው ይኖራል? የት ተገኝቶ! ደህና እናት ያሳደገችው ሁሉ ያውቀዋል።»

የሳፊያ እናት፣ ደህናዋ እናት፣ ነገሩ እውነት ነው በሚል አንገታቸውን በሰፊው ነቀነቁ። ከኋላ ጃዕፈር ሳል ሳል አለው።

«የቆዳ ዓይነቱ ደግሞ ብዙ ነው። ወዛም አለ፣ ደረቅ አለ። አንዲት ሴት አውቃለሁ… ማናት ብለው እንዳይጠይቁኝ፣ ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜት ደግሞ ሐራም ነው። በጣም የማከብራት ሴት ናት። የሷ ደረቅ ነው እማማ። ድርቀቱ ከጉንጯ ይነሳና… ዓይኗ ድረስ ይዘልቃል።»

ነገሪ መሪውን ይዞ «ያ ረቢ!» አለና ሳቁን ዋጠ። መቂን እያለፉ ነበር፤ በመንገዱ ዳር የተደረደረው የቲማቲም ሳጥን እንኳ የሚያየው አላገኘም።

«ለጋስነቷን ቢያዩ! ቅባት ትቀምማለች። ምን ምን እንደገባበት አልተጻፈበትም… ደግ ሰው ደግነቱን መቼ ይጽፋል? ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው አያውቅም። የተቀባላት ሁሉ እያመሰገናት ነው። አፉን መክፈት ከቻለ ማለቴ ነው… ቆዳው እስኪመለስ ይወጠራላ! ‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች› ብለው የሚያሟት አሉ። ውሸታቸውን ነው። እሷ መቼ ታዳላለች? የሰውንም የራሷንም እኩል ነው ያሳረረችው።»

የሳፊያ እጅ ሳታስበው ወደ ሻርፗ ሄደ። ሑስና ይህን ስትል በግምት አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ሳፊያ ዉዱእ ስታደርግ አይታታለች። ለወንድሟ ኒካህ ከሁሉ ልቃ ልትታይ የገዛ ቅባቷን ሰሞኑን ተቀብታ፣ ሁለት ጉንጮቿ ቀልተው ተልጠዋል።

«አሁን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው እማማ። የዚች ሴት ደግነት ሙሽራ ጋ ቢደርስስ? ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል ይባል የለ? ሙሽራ ፊት ላይ የበቀለውን ማን ሊበላው ነው? ወፍም አይነካው! የሻሸመኔ ሰው ደግሞ ነጋዴ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ሲደርሰው ላኪውን መፈለግ ያውቅበታል። ‹ቀማሚዋ የታለች?› ያለ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ማንን ሊያይ ነው? እኔ እንጃ… ፊቷን የተሸፈነችውን ይሆናል።»

 እማማ ዘምዘም መቁጠሪያቸውን ያዙ። ሳፊያ ብትመልስ «እኔ ነኝ» ማለቷ ነው፤ ባትመልስ ደግሞ ነገሩ እንደ ማሽላ እንጎቻ ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጧል። ያለበት ዝላይ አይችልም፤ እሷ ግን በተቀመጠችበት ነበር የምትዘለው።

ዝዋይ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆሙ። ሌሎቹ ሲወርዱ ሳፊያ ወደ ኋላ ቀረችና ሻንጣውን ከፈተች። ሑስና ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆና በዓይኗ ጥግ ተከታተለቻት። ሳፊያ ብልቃጡን ከነሪባኑ በሻርፗ ሥር ደብቃ፣ የሻይ ቤቱን ጓሮ ዞራ፣ ከቆሻሻው በርሜል ውስጥ ጨመረችው። ወደ ሚኒባሱ ስትመለስ ከሐይቁ የመጣ ነፋስ ሻርፗን ገለጠባት። ጉንጯ ደም የመሰለ፣ ዳር ዳሩ የተቀረፈ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ለሑስና ነገሩ እንደ ማር ጣፈጣት፤ ለአንድ አፍታ። ወዲያው ያ የእሳት ልብልብታ፣ ሌሊት ትራስ ሲነካው ያስጮኻት የነበረው፣ ትዝ አላት። ብድግ ብላ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ከቦርሳዋ ሐኪሙ ያዘዘላትን ቀላል ቅባትና የፀሐይ መከላከያውን አወጣችና ሳትናገር የሳፊያ ጭን ላይ አስቀመጠቻቸው። ሳፊያ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው፤ ስም እንዳለው ያረጋገጠች መሰለች። ከዚያ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ጉንጯ ላይ አስቀመጠች። አመሰግናለሁ አላለችም። ቅባቱን ግን አልመለሰችላትም።

ሑስናን የእውነት ሳፊያ አንጀቷን በላቻት። ነገሩን እዚሁ ልተወው ብላም ወሰነች። ግን ሁሉም ተሳፍሮ ሞተሩ ሲነሳ እማማ ዘምዘም፣ «ልጄ፣ አፍሽ ማር ነው፤ የቀረውን መንገድ ዱዓ አድርጊልን» አሏት። አማት አዝዘው እምቢ አይባል! የመኪናው ሰው መዳፉን ዘረጋ። ሳፊያም ቅባት የነካውን መዳፏን ከሌሎቹ ጋር ዘረጋች፤ ዱዓ ተይዞ እጅ አይሰበሰብም። የሑስና ልብ ታርቆ ነበር፤ ምላሷ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም።

«ያ አላህ፣ መንገዳችንን ሰላም አድርግልን። ኢሊያስንና ሙሽራዋን በፍቅር አኑርልን። ለእማማ ረጅም ዕድሜ ስጥልን። ያቺን ለእማማ ያጫወትኳትን የማከብራትን ሴትም አትርሳብን፤ ቁስሏን አሽርላት፣ ደረቁን አለስልስላት… ፊቷንም አብራላት። ሰስተህ አይደለም ያ ረቢ፤ ለእኔ እንደሰጠኸኝ፣ አትረፍርፈህ አብራላት። በሉ፣ ሁላችሁም… ከፊት ያላችሁም ጭምር… ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሚን በሉላት!»