ቃል ስናጠና ታሰርን

ይኼ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ ነው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነን። እኔና ጓደኛዬ አበራሽ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ለማትሪክ ከበድ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት እናጠናለን። እኔ ቃሉን እጠራለሁ፣ እሷ ፍቺውን ትመልሳለች። «ኮንስፒራሲ!» ስላት «ሴራ!» አለች። «አሳሲኔት!» ስላት ደግሞ «ባለሥልጣን መግደል!» ብላ ጮኸች። ቀና ስንል አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ አጠገባችን ቆሟል። «የትኛውን ባለሥልጣን ነው የምትገድሉት?» አለን። «ኧረ ጓድ፣ ቃል እያጠናን ነው!» ብንል ማን ሰምቶን! እየነዳ ቀበሌ አስገባን።

ሊቀ መንበሩ እስኪመጣ ምሳ ሳንቀምስ ባዶ ወለል ላይ ዋልን። አበራሽ ስታለቅስ ዓይኗ አበጠ። ሰውዬው አመሻሹ ላይ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። እኛ ስንንቀጠቀጥ ውለን እሱ ሳቀ! «ምነው፣ ሌላ ቃል ጠፋ?» አለን። «ፈተና ላይ የሚመጣውን እኛ አንመርጥ!» አልኩት፣ ንዴቴ ፍርሃቴን አስረስቶኝ። አበራሽ በክርኗ ጎሸመችኝ። አሁንስ ይቅርታ ይለናል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግሊዝኛ እንዲህ ከቻላችሁማ፣ የእኔም ልጅ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ቅዳሜ ቤት መጥታችሁ አስጠኑልኝ።»

«እሺ ጓድ ሊቀ መንበር» አልን። ቅዳሜም ሄድን። መቅረት የሚቻል መሰላችሁ?