ጋሼ ሜትር የሰፉት ፓስፖርት

ሰው ከሰው የሚገናኘው በቀጠሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንት ስሕተት ሳይታረም ይቀር ነበር! ልብስ ሰፊው ጋሼ ሜትር ያን ቀን ከጎረቤታቸው ከነርሷ ልጅ ጋር ፎቶ ቤት ውስጥ የተገናኙት ማንም ሳይቀጥራቸው ነው። እሳቸው የመጡት ለቪዛ ፎቶ ሊነሡ፣ እሷ የመጣችው ለመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ነበር።

ጋሼ ሜትር የተባሉት መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነው። ተኝተውም አያወልቁትም ብለው የሚያሟቸው አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የሠፈሩን ሙሽሮች ያለበሱ እሳቸው ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፣ ጠባያቸው ግን ደረቅ ያለ ነው። ያን ቀን ታዲያ ያ ደረቅ ሰው ደስታ አላስቀምጥ ብሎት ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር። ባሕር ማዶ ተምራ እዚያው ሥራ የያዘችው አንድያ ልጃቸው ልታገባ ሰባት ሳምንት ብቻ ቀርቷታል። ጋሼ ሜትር ለማንም ሳይናገሩ፣ ለራሷም ሳይናገሩ፣ በእጃቸው የሰፉላትን የሙሽራ ቀሚስ ይዘው በሠርጓ ዋዜማ በሯን ሊያንኳኩ ቆርጠዋል።

«ጋሼ፣ ሜትሩን ያውርዱልኝ። መነጽሩንም። ባርኔጣውንም» አለ ፎቶ አንሺው።

«ታዲያ ምን ቀረኝ?»

«ፊትዎ። ኤምባሲው የሚፈልገው እሱን ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጋሼ ሜትር ዞር ቢሉ የነርሷን ልጅ አዩአት።

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ? የትምህርት ቤት ዩኒፎርምሽን በየዓመቱ ያረዘምኩት እኔ አይደለሁም? አሁን የት ነው የምትሠሪው?»

«አየር ማረፊያ ነኝ ጋሼ። መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ፓስፖርቱንና ቪዛውን የማየው እኔ ነኝ።»

ምስጢር የያዘ ሰው አንድ ጆሮ ካገኘ መቼ ያስችለዋል? ጋሼ ሜትር ወደ ጥግ ወስደው ሁሉንም ዘረገፉላት፤ ልጃቸውን፣ ሠርጉን፣ ቀሚሱን። ከዚያም ከደረት ኪሳቸው በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ፓስፖርት አወጡ።

«እስቲ ይህን ስፌት እይልኝ» አሉ በኩራት። «ከካውያዬ አጠገብ አስቀምጬው እንፋሎቱ ማሠሪያውን ፈታው። ቅጠሎቹ ተንጠለጠሉ። ምን ልበልሽ፣ በሐር ክር እንደገና ሰፋሁት! የተንጨባረረውንም ዳርና ዳር በመቀስ አስተካከልኩት። ፋብሪካው ራሱ እንዲህ አይሰፋም።»

ልጅቷ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ጋሼ፣ በዚህ ፓስፖርት አይሄዱም።»

«ምን አልሽ?»

«ስፌቱ ያምራል። ግን እንኳን ያ አገር ሊያስገባዎት፣ እኔም አውሮፕላኑ ላይ አላወጣዎትም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የተቀደደ መስፋት ወንጀል የሆነው? የራሴን ፓስፖርት! የሰው አልሰፋሁ!»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ትቶ ማዳመጥ ጀመረ። የነርሷ ልጅ ግን ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ የሰፉትን ኮት ደንበኛዎ ሌላ ሰፊ ጋ ወስዶ ቢያስጠብበው ያውቃሉ?»

«በጨለማ በጣቴ ዳብሼ ዐውቃለሁ!»

«ከዚያ ተበላሸብኝ ብሎ ቢያመጣልዎትስ?»

«ሌላ እጅ ገብቶበታል፣ እኔ ኃላፊነት አልወስድም እለዋለሁ...» ብለው ጀመሩና ዓይናቸው በልጅቷ እጅ ወዳለው ፓስፖርት ሄደ።

«የድንበር ሹሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ፓስፖርቱ የያዘው የእርስዎን ስም ነው፣ የሰፋው ግን መንግሥት ነው። ገጽ ነቅሎ ሌላ ገጽ የሚተካ አጭበርባሪም መሣሪያው መርፌና መቀስ ነው። ሹሙ እርስዎን ከእሱ በምን ይለይዎት? በሙያዎ ማማር? እንዲያውም ባማረ ቁጥር ይጠረጥራል።»

ጋሼ ሜትር ፓስፖርቱን ተቀብለው ስፌታቸውን ተመለከቱ። የሠሩት ሥራ ያን ያህል አስጠልቷቸው አያውቅም።

ሆኖም ሽማግሌ በአንድ ክርክር አይረታም። «እሺ፣ ሌላ አወጣለሁ» አሉ። «የቀረውን መብረቅ ይጨርስልኛል።»

መብረቅ በኤምባሲው ደጃፍ የሚውል ደላላ ነው። እንደ ስሙ ፈጣን ነው፤ ብልጭ ካለ በኋላ ሲፈልጉት አይገኝም።

«መብረቅ ምን አልዎት?»

«ባዶ ፎርም አስፈረመኝ። እሱ ይሞላዋል። ለሠርግ ነው ማለት ያስንቃል፣ ለንግድ ትርኢት ነው እንላለን አለኝ።»

«ጋሼ! ያልተለካ ሰው ልብስ ይቆርጣሉ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ታዲያ ያላነበቡትን ወረቀት እንዴት ፈረሙ? ፎርሙ ላይ ያለው ቃል የመብረቅ ሳይሆን የእርስዎ ቃል ነው። በመግቢያው መስኮት ሹሙ ‹ትርኢቱ የት ነው?› ቢልዎት ምን ይመልሳሉ? ሻንጣዎን ሲከፍት የሙሽራ ቀሚስ ያገኛል! ውሸቱ ከታወቀ የዛሬው ቪዛ መሰረዙ ብቻ መሰለዎት? ለዓመታት ደግመው እንዳይጠይቁ ሊከለከሉ ይችላሉ። ልጅዎ ስትወልድም አያዩም ማለት ነው።»

ይህኛው ቃል ልባቸውን ወጋው። ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅ በሩ ተዘግቶበት ታያቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲሉ አጉረመረሙ። «ፎርሙን ከመብረቅ ተቀብዬ እቀደዋለሁ። በቃ፣ እውነቱን እጽፋለሁ። ሌላ ምን ቀረ?»

«የልጅዎ የግብዣ ደብዳቤ።»

እዚህ ላይ ጋሼ ሜትር ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እኔ? የወለድኳት? እናቷ ከሞተች ጀምሮ ባንድ እጄ የስፌት መኪናዬን እያዞርኩ በሌላው ያሳደግኳት? ልጄ ቤት ለመግባት የግብዣ ደብዳቤ? አባት ይጋበዛል እንዴ? እንደ ባዳ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እባክዎ።»

«አልቀመጥም! አባት ከልጁ ወረቀት ከሚለምንስ ቀሚሱን በፖስታ ቢልከው ይሻላል!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህ ነው። ስንቱ ሰው የልቡን ምኞት ለኩራቱ ሰውቶ፣ ኋላ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጫል! ጋሼ ሜትርም ይህን ሲናገሩ በሆዳቸው ‹በፖስታ› ማለታቸውን ጠልተውት ነበር።

የነርሷ ልጅ ወንበራቸውን ወደ እሳቸው አስጠግታ ተናገረች። «እሷ ማን እንደሆኑ ታውቃለች። በሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን አያውቅዎትም። ‹እኚህ ሰው አባቴ ናቸው፣ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው፣ የሚመለሱትም በዚህ ቀን ነው› ብላ ለእሱ ነው የምትጽፈው። ደብዳቤው ልመና አይደለም፣ ምስክርነት ነው እንጂ። ልጅዎ ስለ እርስዎ ብትመሰክር ምኑ ነው ነውሩ?»

«ደስታው ይበላሽብኛላ! በሩን ስትከፍት ፊቷን ማየት ነበር የፈለግኩት።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር አንዲት እናት መጡ። ለልጃቸው ምረቃ በድንገት ሊደርሱ ነው። ቪዛ አላቸው፣ ትኬት አላቸው። ፓስፖርታቸው ግን ሊያበቃ አራት ወር ቀርቶታል፣ ያ አገር ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋል። ቢነግሩት ኖሮ ልጃቸው ይህን ያውቅ ነበር፤ ግን ድንገተኛ ነው ብለው ደበቁት። አይሄዱም ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ያን ቀን እኔም ስሠራ አልዋልኩም። እርስዎንም በዚያ መስኮት እንዲህ ማየት አልፈልግም።»

ጋሼ ሜትር ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ፣ አዞሩና በመጨረሻ ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት። «አንቺ ደውይልኝ።»

ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ተነሣ። «አባዬ! ምን ሆንክ? ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ... እንደው... ሠርግሽ ላይ ልመጣ አስቤ... ወረቀት ይጠይቃሉ አሉ... የግብዣ...»

ጋሼ ሜትር ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባዬ» አለች ልጃቸው እያለቀሰች፣ «ደብዳቤውን ከጻፍኩት ሁለት ወር አልፎታል። አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አባዬ ሱቁን ዘግቶ አይመጣም፣ እምቢ ቢለኝ አልችለውም ብዬ ፈርቼ ነው ያልላክሁት።»

«እኔ እምቢ? እኔ!» አሉ ጋሼ ሜትር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ፎቶ አንሺውም አልሰማ፣ እኔም አልናገረው። ብቻ ፎቶው በዚያን ዕለት ሊነሣ አልቻለም፤ ዓይናቸው ቀልቶ ስለ ነበር በማግሥቱ ተመልሰው ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ጥሩ ልብስ በየተራው ሄደ። ጋሼ ሜትር የተበላሸውን ፓስፖርት መልሰው የሆነውን ሳይደብቁ ተናገሩና አዲስ አወጡ። ለኤምባሲው ቀጠሮ ያዙ። የነርሷ ልጅ እያነበበችላቸው፣ እሳቸው እየመለሱ ፎርሙን ሞሉት። የደብዳቤው ቅጂ፣ የሱቃቸው ፈቃድ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የክትባት ካርድ፣ የደርሶ መልስ በረራው ቀን፣ ሁሉም በአንድ አቃፊ ገባ። አውሮፕላን የሚቀይሩበት አገርም የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድማ አጣራችላቸው። መቀሳቸውንና መርፌያቸውን በሚጫነው ሻንጣ፣ ቀሚሱን በእጃቸው እንዲይዙ የነገረቻቸውም እሷ ናት።

የኤምባሲዋ ሴትዮ በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። «ለምን ይሄዳሉ?»

«ልጄን ልድር።»

«እንደሚመለሱ በምን እንመን?»

«ያላለቁ ሰባት ሱፎች አሉኝ እመቤቴ። አንዱ የዳኛ ነው። ብቀር ፈልጎ ያሳስረኛል!»

ሴትዮዋ ሳቀች። ቪዛው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጣ። ሆኖም የነርሷ ልጅ አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃቸው ነበር፤ ቪዛ በሩ ድረስ ያደርሳል እንጂ በሩን አይከፍትም፣ የሚከፍተው በመስኮቱ ያለው ሹም ነው። ጋሼ ሜትርም በዚያ መስኮት ሲደርሱ አልደነገጡም። ሹሙ ማን እንደሚቀበላቸው ሲጠይቅ ደብዳቤውን፣ መቼ እንደሚመለሱ ሲጠይቅ ትኬቱን አቀረቡ። የሚያስታውሱት ውሸት ስላልነበራቸው መልሳቸው ሁሉ አጭር ነበር። ማኅተሙ ጧ ሲል ሰሙ፤ ከበሩ ወዲያም ልጃቸው ስትሮጥ አዩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሕግ ማወቅ ፈሪ መሆን አይደለም። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው በደላላ አይበላም፣ በመስኮት ፊት አይዋረድም፣ የሚወዱትንም በከንቱ አያስለቅስም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ?

አንድ ጥቅም ግን የነርሷ ልጅም አልቆጠረችውም ነበር። ጋሼ ሜትር ምስጢራቸውን በመተዋቸው የደረሱት በዋዜማው ሳይሆን ከሠርጉ ዘጠኝ ቀን አስቀድመው ነው። በደረሱ ማግሥት ልጃቸው ቀሚሱን ለበሰችው፤ ከኋላው አልገጥም አለ። ትከሻው ጠበበ፣ ወገቡ ጠበበ። ጋሼ ሜትር በሕይወታቸው ልክ ስተው አያውቁም። ልጅቷ ከቤት ከወጣች ግን ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው የሰፉት ያን ጊዜ ለሸኟት ልጅ ነበር።

ከእግሯ እስከ ራሷ አዩአት። አድጋለች፣ ሴት ሆናለች፣ እናቷንም መስላለች።

«ፈትቶ ለመስፋት ጊዜ አለን አባዬ?» አለች ፈራ ብላ።

«ስምንት ቀን አለን» አሉ፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና የጎኑን ስፌት መተርተር ጀመሩ። «አሁን ቀጥ ብለሽ ቁሚና ልይሽ።»